«በፈቃዳቸው ተመለሱ» ሲባል የተጠየቀው ማን ነው?

(ከዝግጅት ክፍሉ፡- ከዚህ ቀጥሎ የምናትመው፣ በአዊ ዞን እንጅባራ ከተማ ስለ ተፈናቃዮች በተደረገ ውይይት ላይ ከመተከል ተፈናቅለው ዳንግላ የሚኖሩ አንዲት መምህርት ያሰሙት ንግግር ነው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁን አልጻፍነውም። የንግግሩ ለዛ እንዳይጠፋ ስንል ብዙም አልነካካነውም።)



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «የተፈናቃይ ሴቶች በውሳኔ አሰጣጥ ላይ ያላቸው ተሳትፎ» ይላል። የቢሮ ቋንቋ ነው፤ አልነቅፈውም። ወደ ቤታችን ቋንቋ ስመልሰው ግን እንዲህ የሚል ጥያቄ ይወጣዋል፤ የት እንደምንተኛ፣ ምን እንደምንበላ፣ መቼ እንደምንመለስ ሲወሰን እኛ የት ነበርን? መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። እኛ ወረፋ ላይ ነበርን። የውሃ ወረፋ፣ የወፍጮ ወረፋ፣ የስንዴ ወረፋ። ውሳኔው የተሰጠው እኛ ወረፋ ላይ ቆመን ሳለን ነው።

ዛሬ ስለ ርኅራኄ ልለምናችሁ አልመጣሁም። ለተፈናቃይ ያዘነ ሰው አዊ ውስጥ ሞልቷል። እንጀራውን ቆርሶ ያበላን፣ ከጎተራው የሰፈረልን፣ ጓዳውን ለቆ ያስተኛን የዚህ አገር ገበሬ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ጦርነት ገብቶ ተቀባዩ ራሱ ሰላም አጥቷል፤ ያም ሆኖ በሩን አልዘጋብንም። እኔ የምናገረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሥልጣን። በእኛ ሕይወት ላይ ብዕር የሚያነሳው ማን ነው? ከማን ጋር ተማክሮ?

ሳይጠየቁ መኖር እንዴት ተጀመረ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ መተከል በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ በነበረበት ዘመን ዋና ከተማው ቻግኒ ነበረች። ዳንግላም የአገው ምድር አውራጃ ከተማ ነበረች። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ አገሩ በክልል ሲሸነሸን መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ፤ ቻግኒ በአማራ ክልል አዊ ዞን ቀረች። ለኛ ለኗሪዎቹ ይህ ማለት ማሳችን በአንድ ክልል፣ ገበያችን በሌላ ክልል ሆነ ማለት ነው። ልጅ የዳርንበት፣ ዘመድ የቀበርንበት ቦታ «የሌላ ክልል» ተባለ። ለመሆኑ ያን መስመር ያሰመረው ሰው አንዲት እናት ዘንድ ሄዶ «ገበያሽ የት ነው? ምጥ ሲመጣብሽ የምትሄጂው ወዴት ነው?» ብሎ ጠይቋል?

ከዚያ በፊትም ያው ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ማግስት ደርግ ከወሎ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ሰው እየጫነ ፓዌ ሲያሰፍር ሰፋሪዋን «ትሄጃለሽ ወይ?» ያላት አልነበረም። ከመሬቷ የተገፋችውን የጉሙዝ ሴትም «ትለቂያለሽ ወይ?» ያላት አልነበረም። ሁለቱም ሳይጠየቁ ጎረቤት ተደረጉ። በሰላም ኑሩ ብሎ መምከር በኋላ የመጣ ነገር ነው።

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አማርኛ ተናጋሪዎች በሺህ እየተቆጠሩ «ውጡ» ተብለው ተባረሩ። ቆይቶ «ስህተት ነበር፣ ተመለሱ» ተባለ። ሲያባርሩም አልጠየቁ፣ ሲመልሱም አልጠየቁ!

ከዚያ ወዲህ የመጣውን መከራ እናንተም ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል ድረስ መጥተው ከነዋሪው ጋር ተወያዩ። በማግስቱ ታኅሣሥ 14 በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ወዲያው የተገደሉት ከ100 በላይ መሆናቸውን አስታወቀ፤ ቁጥሩ ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ ከ200 ማለፉ ተነገረ። በውይይቱና በጭፍጨፋው መካከል ያለፈችው አንዲት ሌሊት ናት። ይህን የማነሳው ውይይት አይጠቅምም ለማለት አይደለም። ሰው ሰብስቦ ማነጋገርና የተነገረውን ሰምቶ ሥራ ላይ ማዋል የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በዚያ ሰሞን ባወጣው መግለጫ ከሐምሌ 2012 ጀምሮ ከመተከል የተፈናቀለው ሰው ከ100 ሺህ በላይ ነበር። ብዙው ወደ አዊ ነው የጎረፈው። ቻግኒ አጠገብ «ራንች» የሚባለው ቦታ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀው ያኔ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ከብት የሚረባበት ቦታ ነው። ከብት ሊረባበት በታሰበ ሜዳ ላይ ሰው በሸራ ሥር ሰፈረ።

ስሟ የሌለ ሴት

እንግዲህ መጠለያ ስትገቡ መጀመሪያ የሚመጣው መዝጋቢ ነው። መዝጋቢው «የቤተሰቡ ኃላፊ ማን ነው?» ይላል። ባል ካለ የባል ስም ይጻፋል። ሚስትና ልጆች በቁጥር ይገባሉ፤ «ቤተሰብ ብዛት 6» ተብለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ሴት ቁጥር ናት። ባል ቢታመም፣ ቢሞት፣ ሥራ ፍለጋ ቢሄድ፣ ሌላ ቢያገባ፣ ካርዱን ይዞ ቢጠፋ፣ ስንዴውም አብሮ ይሄዳል።

እኔ ራሴ የደረሰብኝን ልናገር፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ስም ለማስመዝገብ ሄጄ ጸሐፊው «ባልሽ ይምጣና ይፈርም» አለኝ። ከቤታችን ከወጣንበት ሌሊት ወዲህ ባለቤቴን አላየሁትም። ይህንንም ነገርኩት። «እንግዲያው እስኪመጣ ጠብቂ» አለኝ። እኔ ፊደል ያስቆጠርኩ፣ በራሴ ስም ደመወዝ የፈረምኩ ሴት ነኝ። እኔን እንዲህ ካለኝ ፊደል ያልቆጠረችውን፣ አማርኛ የማትችለውን፣ ጡት የምታጠባውን ምን ሊላት ነው?

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የማን ስም ነው ያለው? የባልም የሚስትም ነው። ፎቶግራፍ እንኳ የሁለቱም ይለጠፋል። መሬት የሚያህል ነገር በሁለት ሰው ስም መመዝገብ ከተቻለ፣ ለአንድ ወር ስንዴ የሁለት ሰው ስም መጻፍ እንዴት ያቅታል? ደብተሩ ተለምዶ፣ ገበሬውም ተቀብሎት እየሠራበት ነው። ስለዚህ «ባህሉ አይፈቅድም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

ዕርዳታው ራሱ እንዴት እንደሚሰፈር እንመልከት። ለአንድ ሰው በወር የሚባለው መደበኛ ልክ 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር የማትሞላ ዘይት ነው። ጥሩ፤ ስንዴው ደረሰን እንበል። ስንዴ ግን ጥሬውን አይበላም። ወፍጮ ቤት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከስንዴው ተሽጦ! ሸክሙም ወጪ ነው፤ ማገዶውም ወጪ ነው። 15 ኪሎ ተብሎ የተጻፈው ምድጃ እስኪደርስ ስንት ኪሎ እንደሚቀር የምታውቀው ጋጋሪዋ ናት። እሷን አንድ ቀን ቁጭ አድርገው ቢጠይቋት «ከስንዴው ጋር የወፍጮ ሒሳብ አስቡልን፣ ወይ ዱቄቱን አምጡልን» ትላለች። ለዚህ ምክር ባለሙያ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም።

ሽንት ቤቱም እንደዚሁ ነው። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ዕርዳታ መለኪያ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ የሴትና የወንዱ የተለየ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ የውሃውም ቦታ ከ500 ሜትር ያልራቀ ይላል። ቦታውን ስትመርጡ ሴቶችን አማክሩ ብሎም ይጨምራል። ለምን? ሌሊት በጨለማ ወደዚያ የምትሄደው፣ መንገዱ ላይ ማን እንደሚቆም የምታውቀው ሴት ስለሆነች ነው። ሳያማክሩ በመጠለያው ጥግ፣ ብርሃን በሌለበት የተቆፈረ መጸዳጃ ለሪፖርት ይበቃል፤ «ይህን ያህል ተሠራ» ያሰኛል። ሴቶቹ ግን ማታ ማታ ውሃ ላለመጠጣት ይጠነቀቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

«የሴቶች ተወካይ አለች እኮ!»

ይህን ስንናገር የሚሰጠን መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ኮሚቴው ውስጥ የሴቶች ተወካይ አለች እኮ!» አዎን፣ አለች። አንድ ነች። ማን መረጣት? ኮሚቴው መረጣት። ምን ትሠራለች? ስብሰባ ሲኖር ሰው ትጠራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፤ ፎቶግራፍ ሲነሱ መሃል ትቆማለች። ስንዴው ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ወጣ በሚለው ወረቀት ላይ ግን ፊርማዋ የለም።

አገራችን ለላይኛው ወንበር አታንስም። በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆነው ሲሾሙ ዓለም አጨበጨበ። በዚያው ወር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ተሰየሙ። እኛም ደስ አለን፤ ለምን አይለን? ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ እኩል የሆነው ቁጥር ቻግኒ እስኪደርስ መንገድ ላይ ምን በላው? ሚኒስትርነት ለሴት ከተፈቀደ የስንዴ ኮሚቴ እንዴት ይከለከላል?

«ሴቶቹ ራሳቸው ስብሰባ አይመጡም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን አንመጣም። ለምን እንደማንመጣ ግን ይጠየቅ። ስብሰባው የሚጠራው ረፋድ ላይ ነው፤ እኛ በዚያ ሰዓት ሰው ቤት ልብስ እያጠብን ነው። የዚያን ቀን ካልሠራን የዚያን ቀን ልጅ አይበላም። ስብሰባው በአማርኛ ነው፤ ከመሃላችን አገውኛ፣ ሺናሽኛ፣ ጉሙዝኛ እንጂ አማርኛ በቅጡ የማይሰሙ አሉ። ልጅ የሚይዝልን የለም። ደግሞም አንዷ ተነስታ «ስንዴው ጎድሏል» ብትል በሚቀጥለው ወር ስሟ ከዝርዝሩ እንዳይጠፋ ትፈራለች። ይህ ሁሉ ባለበት «አይመጡም» ማለት እግር አስሮ «አይሮጡም» እንደ ማለት ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የሚጠቅሱልንም አልታጡም። እስቲ ዘወር ብላችሁ ሠፈራችሁን እዩ። የእቁቡን ገንዘብ የሚሰበስበው ማን ነው? የማኅበሩን ዝክር፣ የዕድሩን ዕቃ ቆጥሮ የሚረከበው፣ ቆጥሮ የሚያስረክበው ማን ነው? አንድ ብርጭቆ ሳይጎድል የአንድ ሠፈር ዕቃ የምትጠብቅ ሴት የአንድ መጋዘን ስንዴ ልትቆጣጠር አትችልም ካላችሁኝ ምክንያቱን ንገሩኝ።

ቁጥጥሩ ደግሞ የዋዛ ነገር እንዳልሆነ አይተናል። በሰኔ 2015 የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ ዕርዳታ በመላ አገሪቱ አቆሙ፤ ምክንያታቸው እህሉ በሰፊው ለሌላ መዋሉ ነበር። ለወራት ጦም ያደረው ግን እህሉን የወሰደው ሳይሆን እህሉ ያልደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ያው የአሜሪካ ድርጅት ጭራሹን ተዘጋ። አሁን ያለው ጥቂት ነው። ጥቂት ነገር ሲከፋፈል «ለማን ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል፤ ያን ጥያቄ በዝግ ቤት የሚመልሱት ደግሞ ያልተራቡት ናቸው። ዝርዝሩ በአደባባይ ቢለጠፍ፣ ግማሹ ኮሚቴ ሴት ቢሆን ጉድለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅ ነበር።

በኪራይ ቤት ያለነውስ?

እስካሁን ስለ መጠለያ ተናገርኩ። ነገር ግን እንጅባራና ዳንግላ ውስጥ ያለነው ተፈናቃዮች ብዙዎቻችን በሸራ ሥር አይደለንም። ዘመድ ቤት ተጠግተናል፤ አንድ ክፍል ተከራይተን ሦስት ቤተሰብ ሆነን እንኖራለን። ሴቶቹ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፤ ልብስ ያጥባሉ፤ ሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋና ድንጋይ ይሸከማሉ። መጠለያ ውስጥ ያለው ተፈናቃይ ቢያንስ ይቆጠራል። እኛ ግን የከተማው ነዋሪ እንዳንሆን መታወቂያ የለንም፤ ተፈናቃይ እንዳንሆን መጠለያ ውስጥ አይደለንም። ቀበሌ ስንሄድ «ከመጣችሁበት መሸኛ አምጡ» እንባላለን። የመጣንበት ቀበሌ ተቃጥሏል እኮ! መሸኛውን ማን ይጻፍልን?

በመታወቂያ የሚቀር ነገር ደግሞ ብዙ ነው። ቤት ለመከራየት፣ ብድር ለመጠየቅ፣ ድምፅ ለመስጠት ሁሉም መታወቂያ ይጠይቃል። በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ በመተከል በጸጥታው ምክንያት ድምፅ አልተሰጠም፤ ቀሪው ምርጫ በክልሉ የተካሄደው ሦስት ዓመት ቆይቶ ሰኔ 16 ቀን 2016 ነው። በነዚያ ሦስት ዓመታት ስለ መመለሻችን፣ ስለ መሬታችን ይወሰን የነበረው እኛ ድምፅ ባልሰጠንበት ምክር ቤት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉን ላንብላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ሴቶች የልማት ፖሊሲ ሲወጣ፣ ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም፣ በተለይም የሴቶችን ጥቅም በሚነካ ጊዜ አስተያየታቸውን በሙሉ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 7 በመሬት ላይ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል።

የካምፓላ ስምምነት የሚባለው የአፍሪካ ኅብረት ውል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ተፈናቃዮች ብቻ የተጻፈ ነው። ኢትዮጵያ በየካቲት 2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 9 ተፈናቃዮችን አማክሩ፣ ስለ ጥበቃቸውና ስለ ዕርዳታቸው በሚሰጥ ውሳኔ አሳትፉ ይላል። አንቀጽ 11 ደግሞ መመለስ፣ ባሉበት መቅረት ወይም ሌላ ቦታ መስፈር የተፈናቃዩ ነፃና ዐውቆ የሚያደርገው ምርጫ ነው ይላል። አንቀጽ 13 ሴቶች የማንነት ሰነድ በገዛ ስማቸው ማግኘት መብታቸው ነው ይላል። «ባልሽ ይምጣና ይፈርም» ያለኝ ጸሐፊ ይህን አላነበበም፤ ወይም አንብቦ ትቶታል።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1998 የተቀበለው፣ በሱዳናዊው ፍራንሲስ ዴንግ መሪነት የተዘጋጀው መመሪያም ከዚያ አስቀድሞ ምግብና መጠለያ ሲታቀድና ሲከፋፈል ሴቶች በሙሉ እንዲሳተፉ የተለየ ጥረት ይደረግ ብሏል። እንግዲህ የጎደለን ወረቀት አይደለም። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ነው፤ እኛም ወረፋ ላይ ነን!

ሌላው ዓለም ምን እንዳደረገም ልጥቀስ። ኮሎምቢያ በእርስ በርስ ጦርነት ሚሊዮኖች የተፈናቀሉባት አገር ናት። ካርታሄና ከተማ አጠገብ ቱርባኮ በሚባል ቦታ የተፈናቀሉ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው፣ ብሎኬቱን ራሳቸው እየሠሩ ወደ 100 የሚጠጉ ቤቶች ሠሩ፤ ሠፈሩንም «የሴቶች ከተማ» አሉት። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የተፈናቀሉ ሴቶችን የሚመለከት ራሱን የቻለ ትእዛዝ ሰጥቶ መንግሥት 13 ፕሮግራሞች እንዲያቋቁም አስገደደ። እነሱም ከኛ በባሰ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። በመዶሻና በክስ መዝገብ ተሳትፎን ከወሬ አወጡት።

ትልቁ ውሳኔ፡- መመለስ

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስኩ። ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ «እንመለስ ወይስ እንቅር?» የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙ ሰው ወደ መተከል ተመልሷል። ወድዶ የተመለሰ አለ፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና አገሩን የማይናፍቅ የለም። ነገር ግን «ተፈናቃዮች በፈቃዳቸው ተመለሱ» የሚል ዜና በሰማን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? አባወራው ፈርሞ ከሆነ የሰማችሁት የግማሹን ቤት ፈቃድ ነው።

ዕርዳታ ተቋርጦበት፣ ሸራው ተነቅሎበት «እሺ» ያለስ ፈቀደ ይባላል? በ2011 ዓ.ም. የጌዴኦ ተፈናቃዮች ዕርዳታ እየቀረባቸው፣ መጠለያቸው እየፈረሰ ወደ ወጡበት እንዲመለሱ መደረጋቸውን የሰብዓዊ መብትና የዕርዳታ ድርጅቶች በጊዜው ጽፈዋል። ተመልሰው እንደገና የተፈናቀሉ ነበሩ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ!

ሴት ለብቻዋ ትጠየቅ የምንለው ጥያቄዋ ስለሚለይ ነው። ወንዱ «መሬቴን ማን ይዞታል? በሬ ይሰጠኛል ወይ?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሴቷ ደግሞ ይህን ሁሉ ጠይቃ ትጨምራለች፤ ማገዶ የምለቅምበት ጫካ ውስጥ ማን አለ? ውሃ የምቀዳበት መንገድ ላይ ማን ያጅበኛል? ጤና ጣቢያው ተከፍቷል ወይ፣ አዋላጅ አለችው? ባሌ ሞቷል፤ መሬቱን በኔ ስም ታስረክቡኛላችሁ ወይስ ለወንድሙ ትሰጡታላችሁ? ልጄ የተደፈረችበት ሠፈር ነው፤ ያደረገው ሰው ተይዟል ወይስ እዚያው ጎረቤቴ ሆኖ ይጠብቀኛል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በአደባባይ ስብሰባ፣ አማቷና ባሏ ተቀምጠው እያሉ የምትጠይቅ ሴት የለችም። ስለዚህ ለብቻዋ፣ በሴት ባለሙያ፣ በምትሰማው ቋንቋ ትጠየቅ።

ስለ እርቅም አንድ ቃል ልናገር። በ2015 ዓ.ም. የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መንግሥት ከታጣቂው የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈራርሟል። ሰላምን የሚጠላ የለም። ግን እጠይቃለሁ፤ ከተፈናቀሉት ሴቶች ማን ተወከለች? የታጠቀው ለመታጠቁ ወንበር ካገኘ፣ ያልታጠቀችው ስለምን ቆማ ትቀራለች?

ይህን ስል ስለ አማራና ስለ አገው ሴት ብቻ አልናገርም። ሺናሻዋም ተፈናቅላለች። የጉሙዝ ሴትም ተፈናቅላለች። በሚያዝያ 2011 እዚሁ አዊ ውስጥ፣ ጃዊ ላይ፣ ጉሙዞች በበቀል ተገድለዋል። ይህን እዚህ መድረክ ላይ መናገር ለአንዳንዱ እንደሚጎረብጥ አውቃለሁ። ነገር ግን የኛን ሬሳ ቆጥረን የነሱን ብንዘል ነገ አብረን ውሃ የምንቀዳበት ምንጭ አይኖርም። ጦርነቱን ያልጠሩት፣ መሣሪያውን ያላነሱት የሁለቱም ወገን እናቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ገበያውና መንገዱ እንዴት እንደሚከፈት ከማንም በተሻለ ያውቃሉ። በሰላሙ ጊዜ እዚያው ገበያ የተገበያዩት እነሱ ናቸውና።

ምን እንዲደረግ እንጠይቃለን?

ችግር ዘርዝሮ መቀመጥ ልቅሶ ነው። ስለዚህ አምስት ነገሮች አቀርባለሁ፤ አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም።

አንደኛ፣ ለአካለ መጠን የደረሰች ተፈናቃይ ሴት ሁሉ በገዛ ስሟ ትመዝገብ። የዕርዳታ ካርዱ ላይ እንደ መሬት ደብተሩ የባልም የሚስትም ስም ይግባ። ባል የሌላት በራሷ ፊርማ ትቀበል።

ሁለተኛ፣ የተፈናቃዮች ኮሚቴ ግማሹ ሴት ይሁን፤ ሴቶቹንም የሚመርጧቸው ሴቶች ይሁኑ። ስብሰባው ሴቶች በሚመቻቸው ሰዓት፣ አስተርጓሚ ባለበት ይጠራ። የመጋዘን ገቢና ወጪ ወረቀት ያለ ሴቷ ተወካይ ፊርማ አይጽና።

ሦስተኛ፣ የተረጂዎች ስም ዝርዝርና የመጣው እህል መጠን በየወሩ በቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ በአደባባይ ይነበብ። ቅሬታ ያቀረበች ሴት ስሟ ከዝርዝር ቢጠፋ የሚጠየቅ ኃላፊ ይኑር።

አራተኛ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኪራይና በጥገኝነት ያለነው እንቆጠር። የሸሸንበት ቀበሌ መሸኛ ሳይጠየቅ፣ በምስክር፣ ጊዜያዊ መታወቂያ ይሰጠን።

አምስተኛ፣ ማንም ወደ መተከል ከመመለሱ በፊት ራሳቸው ሴቶቹ የመረጧቸው ሴቶች ሄደው ቦታውን አይተው ይምጡ፤ ያዩትን ለሁላችን ይንገሩን። ከዚያ እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ «እመለሳለሁ፣ አልመለስም» ትበል። አልመለስም ያለችው በዚያ ምክንያት ዕርዳታዋ አይቋረጥ። ይህ ሳይሆን «በፈቃዳቸው ተመለሱ» የሚል ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ቢኖር፣ የፈቀዱትን ሴቶች ስምና ፊርማ ያሳይ።

ወንድሞቼ፣ ይህ በእናንተ ላይ የተነሳ ክስ እንዳይመስላችሁ። መጠለያ ውስጥ ወንዱም ቢሆን የሚወስነው ጥቂት ነው፤ በስሙ ይፈረምበታል እንጂ አይጠየቅም። እኛ ስንጠየቅ እናንተም ትጠየቃላችሁ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ተለያይተን ስንቆም ነው ሁሉም የሚፈልጠን።

ኃላፊዎቹም እዚህ አላችሁ። «ሐሳባችሁን ተቀብለናል» የሚል መልስ ለምደናል፤ ከዚህ በፊት በተደረጉ ስብሰባዎችም ብዙ ጊዜ ተቀብላችሁናል። ዛሬ ከአምስቱ የትኛውን እንደምትፈጽሙ፣ የትኛውን እንደማትፈጽሙ፣ ለምን እንደማትፈጽሙም በጽሑፍ እንድትነግሩን እንጠይቃለን። የማትችሉትን «አንችልም» በሉን፤ አንቀየምም። ቀኑን ግን ቁረጡልን፤ እኛም በዚያ ቀን ሥራችንን ትተን እንመጣለን።